“ተሸጡ!” ከማለት በፊት የሒሳብ መዝገቡ ይገለጥ

ስለ ፐንክ ሮክ ሙዚቃ ወሬ በተነሣ ቍጥር አንድ የተለመደ ፍርድ ይሰማል። ይኸውም ግሪን ዴይ የተባለው የሙዚቃ ቡድን “ዱኪ” በተሰኘው አልበሙ ራሱን ለከበርቴ ሸጧል የሚል ነው። ፈራጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን ከተራማጅ ወገን የሚቈጥሩ ናቸው። እኔ ግን ይህ ፍርድ ሠራተኛውን ገርፎ አሠሪውን በሰላም የሚያሰናብት ነው እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። የቡድኑ ዘፋኝ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ ከባለጸጋ ቤት የወጣ ልጅ አይደለም። የከባድ መኪና ነጂ የነበረው አባቱ በ1982 ሲሞት ልጁ ገና የ10 ዓመት ሕፃን ነበር፤ እናቱ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ትሠራ ነበር። ቡድኑ ያደገው በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ከተማ፣ በጊልማን ጎዳና ቍጥር 924 በሚገኘውና በበጎ ፈቃደኞች በሚተዳደረው አዳራሽ ነው። ሉክአውት የተባለ አነስተኛ አሳታሚም ሁለት አልበሞች አወጣላቸው። በ1993 የዋርነር ክፍል ከሆነው ከሪፕራይዝ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። “ዱኪ” በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1994 ወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። አዳራሹም ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር የተዋዋሉትን አላስተናግድም በሚለው ደንቡ መሠረት በሩን ዘጋባቸው።

አዳራሹ የራሱን ደንብ የማውጣት መብት አለው፤ በዚህ አልከራከርም። ታላቁ ኩባንያም የሙዚቀኛ ወዳጅ ነው የሚል የዋህ አይደለሁም። በእንዲህ ያለው ውል ኩባንያው በቅድሚያ የሰጠውን ገንዘብ ከሙዚቀኛው ድርሻ ላይ እየቈረጠ ያስመልሳል፤ የተቀዳውን ድምፅ ባለቤትነትም አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ ያደርጋል። ይህ ሊጋለጥ ይገባዋል። ታዲያ ስድቡ የወረደው በማን ላይ ነው? በውሉ ጸሐፊ ላይ ነው ወይስ በፈራሚው ላይ? “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ማለት ይህ ነው።

ሙዚቃው ተበላሸ የሚሉም አሉ። “ዌልካም ቱ ፓራዳይዝ” የተሰኘው ዘፈን ግን አስቀድሞ “ከርፕላንክ” በተባለው የሉክአውት አልበም ላይ ወጥቶ፣ በኋላ ለ“ዱኪ” እንደገና የተቀዳ ነው። አንዱ ዘፈን በትንሹ አሳታሚ እጅ ሲሆን ቅዱስ፣ በትልቁ እጅ ሲሆን ርኩስ የሚሆነው በምን ሕግ ነው? “ዱኪ” ራሱስ የተቀዳው በዚያችው በበርክሊ ከተማ አይደለምን?

ትንሽ መሆንስ በራሱ ጽድቅ ነውን? በ2005 ግሪን ዴይ የቀድሞ አልበሞቹን ከሉክአውት እጅ አወጣ። ምክንያቱም የሚገባው የሽያጭ ድርሻ ሳይከፈለው መቅረቱ ነበር። ሉክአውትም በ2012 ተዘጋ። እንግዲህ ከሃዲ የተባሉት ሙዚቀኞች፣ ንጹሕ ከተባለው ቤት ደመወዛቸውን ያጡ ሠራተኞች ሆነው ተገኙ!

የፍርዱን ፍሬ ለማየት ደግሞ ጆብሬከር የተባለውን ቡድን እናስታውስ። ከታላቅ ኩባንያ ጋር አንዋዋልም ሲሉ ቈይተው ተዋዋሉና በ1995 “ዲር ዩ” የተሰኘውን አልበም በዲጂሲ በኩል አወጡ። የቀድሞ ወዳጆቻቸው ጀርባቸውን ሰጧቸው፤ አልበሙም ገበያ አጣ፤ በ1996 ቡድኑ ፈረሰ። ኩባንያው ግን በዚህ አንዳች አልተናወጠም፤ ሌላ ወጣት ፈልጎ ማስፈረሙን ቀጠለ። ተራማጆች ነን ባዮች ድል አደረግን ያሉት በማን ላይ ኖሯል?

በ2015 ግሪን ዴይ ወደ ጊልማን ተመልሶ፣ በእሳት አደጋ ለተጐዱ አንድ መጻሕፍት አሳታሚና አንድ ማተሚያ ቤት ርዳታ እንዲሆን ተጫውቷል። ይህንንም የማነሣው ቅዱሳን ናቸው ለማለት አይደለም። የሙዚቀኛ ቅድስና ጕዳያችን ሊሆን አይገባም ለማለት ነው።

ጕዳያችን ሌላ ነው። የድምፁ ባለቤት ማን ነው? ድርሻው ስንት ነው? ሒሳቡን የመመርመር መብት ያለው ማን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለትልቁም ለትንሹም አሳታሚ እኩል እናቅርብ። ይህን ሳይጠይቅ በአስተናጋጇ ልጅ ላይ “ተሸጠ!” ብሎ የሚጮኽ፣ የገዢውን ስም ለምን እንደማይጠራ ይንገረን።