ማሳው ለምን እንዲህ ተቆራረጠ?

ከባህር ዳር በመራዊ፣ በዳንግላ አድርጋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ በመስኮት እዩ። ማሳው ድሪቶ ይመስላል። አንዱ ቁራጭ ጤፍ፣ አጠገቡ በቆሎ፣ ቀጥሎ ባህር ዛፍ። ፎቶ አንስተን «ውቢቷ ሀገሬ» ብለን እንለጥፋለን። ያ መልክ ግን ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም ወገን። የሕግና የውርስ ሥራ ነው።

በርስት ዘመን የአቅኚው አባት ዘር ነኝ ያለ ሁሉ በእናቱም በአባቱም በኩል ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ገበሬ እዚህ ጥቁር አፈር፣ ከወንዝ ማዶ ደግሞ ቀይ አፈር ይኖረው ነበር። ክፉ ብቻ አልነበረም፤ በረዶ አንዱን ቢመታው ሌላው ይተርፋል። በየካቲት 1967 መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ፣ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ታወጀ። ገበሬ ማህበሩ ለሙንም ጭንጫውንም ለሁሉም ለማዳረስ ሸነሸነው። ቀጥሎ መንደር ምስረታ መጣ፤ ተበታትኖ የነበረው ጎጆ በመስመር ተሰለፈ። በ1982 ፖሊሲው ሲላላ ብዙው ሰው ጣሪያውን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ።

የመጨረሻው ትልቅ ቁርጥ የ1989ኙ ነው። «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የተለጠፈበት ገበሬ 4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሄክታር ብቻ ተተወለት። ቂሙ ዛሬም በየመንደሩ አለ። ከዚያ ድልድሉ ቆመ፣ የይዞታ ደብተር ተሰጠ። ልብ በሉ፦ ዛሬ 25 ዓመት የሆነን ልጆች የተወለድነው ከዚያ በኋላ ነው። ስንመጣ ማዕዱ ተነስቷል።

ታዲያ አባት ምን ያድርግ? ከዚያችው 4 ጥማድ ለልጆቹ ይቆርሳል። በሬ የማይዞርበት ማሳ ይፈጠራል። ድንበር ሲበዛ ድንበር መግፋትም ይበዛል፣ በአንድ ክንድ መሬት ወንድም ከወንድሙ ይጋደላል። ልጁ የተሰደደበት ደግሞ ባህር ዛፍ ይተክላል፤ በሬ አይጠይቅ፣ ማዳበሪያ አይጠይቅ። በአዊ በኩል፣ ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንሱን አይታችሁታል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል ነው። ገንዘብ አምጥቷል፣ አልክድም። ግን ያ ኮረብታ እህል ማብቀሉን ቀንሷል።

«መሬት እንደገና ይከፋፈል» የምትሉ አላችሁ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ የአባቴ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ፣ ንዴቱ ይገባኛል። ግን እስኪ አስሉት፦ 1 ሄክታር ለአምስት ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,000 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ማን ጎጆ ይወጣል? የባሰው ደግሞ «ለሥራ አጥ ወጣት» እየተባለ የወል ግጦሹ መቆረሱ ነው። ግጦሹ ሲያልቅ ከብቱ ተዳፋቱን ይወጣል፣ ተዳፋቱ ይሸረሸራል፣ አፈሩ ዓባይን ይዞ ይሄዳል። በኛ ስም የሚደረግ ነው እኮ ይሄ!

መጠየቅ ያለብን ውኃ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። መስኖ የገባበት ጠባብ ማሳ በዓመት ከአንዴ በላይ ይመረትበታል፤ ያለ ውኃ ግን ስንት ጊዜ ብንሸነሽነው ያው ነው። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ወንድማማቾች ውርሱን ሳንቆርስ በጋራ አርሰን ምርቱን እንካፈል። ሽማግሌ የሚያስማማው ነገር ነው፣ አዋጅ አይጠብቅም።

እናንተ ቀበሌ ያልተቆረሰ ግጦሽ ቀርቷል? የግጦሹን ስም ጻፉልን።