የሥራ ቤታችን ኮርኒስ

በዛሬው አምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን ቀና ብለን የማናየውን ነገር ይመለከታል። እርሱም ልብስ የሚሰፋበት፣ እንጨት የሚላግበት ወይም ጫማ የሚጠገንበት የሥራ ቤታችን ኮርኒስ ነው።

የአብዛኞቹ ትንንሽ የሥራ ቤቶች ክዳን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብን ቢከለክልም ሙቀትንና ብርድን አይከለክልም። በድሬዳዋ የግንቦት ፀሐይ ሲበረታ እንደ ምጣድ ይግልና ሙቀቱን ቁልቁል ይለቅቃል። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ዝናብ ሳይጥል ጠዋት ከውስጥ የሚንጠባጠበው ውኃም የቤቱ እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ሲጠራቀም የሚፈጠር ነው። የዚህ ሁሉ ዕዳ ከፋይ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ሠራተኛና ከትምህርት ቤት መልስ የሚያግዘው ልጅ ነው።

መፍትሔው በቆርቆሮውና በሰው መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ማኖር ነው። ጋቢ የሚያሞቀን ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ሳይሆን በድርና በማጉ መካከል አየር አሥሮ ስለሚይዝ ነው። የብርጭቆ ሱፍና ነጭ ፎምም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ብረት ከነጭ ፎም ይልቅ ሙቀትን ከ1,000 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። በቀድሞ ቤቶች የሚወጠረው አቡጀዲ ግን አቧራ ቢይዝም ስስ ስለሆነ ሙቀትን የሚከላከለው በጥቂቱ ነው፤ እሳትም ፈጥኖ ይይዘዋል።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ የሚያፈሰው ቀዳዳ ይደፈናል፤ የረጠበ ሱፍ ብርድ አይከላከልም፣ እንጨትም ያበሰብሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦውም በቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ በባለሙያ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ከማገሩ በታች ሞራሌ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይመታል።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሱፍ ወይም ፎም ክፍተት ሳይተው ይገባል። ሱፉን መጠቅጠቅ አየሩን ማስወጣት ስለሆነ አይጠቅምም። በላዩና በቆርቆሮው መካከል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይተዋል፤ በጣሪያው ሁለት ጠርዝ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተበጅቶ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። በብርዳማ ስፍራ ከሱፉ በታች፣ ማለትም በሰው በኩል፣ ላስቲክ ቢዘረጋ እንፋሎቱ ወደ ላይ አያልፍም።

አራተኛ፣ ጅብሰም ቦርድ በብሎን ይታሰራል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 1.20 በ2.40 ሜትር የሆነው አንዱ ቦርድ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለብቻ አይነሣም። መጋጠሚያው በመረብ ፋሻ ተሸፍኖ በስቱኮ ይደፈናል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በመጨረሻም ነጭ ቀለም ቢቀባ ብርሃን ስለሚመልስ ለሰፊው ዓይን ይረዳል።

አቅም ለጊዜው ካልፈቀደ በሞቃት አገር ቆርቆሮውን ከውጭ ነጭ መቀባት ብቻውን ብዙ ፀሐይ ይመልሳል።

ጥንቃቄውን ግን አደራ እንላለን። የብርጭቆ ሱፍ ሲነካ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ፎም ሲቃጠል ጢሱ መርዛም ስለሆነ ሳይሸፈን አይተው፤ ብየዳ በሚሠራበት ቤትማ ጭራሽ አይሞከር። የአስቤስቶስ ክዳን ያለበት አሮጌ ቤት ከሆነ ክዳኑን መጋዝም ሆነ መሰንጠር የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ብናኝ ያስነሣል።

ከሁሉም የሚብሰው ከሰል ነው። ኮርኒሱ በደንብ የተሠራ ቤት አየር የሚያስገባ ስንጥቁ ይቀንሳል። በዚያ ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያጠራቅማል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ያስከትልና እንቅልፍ የመጣ አስመስሎ ይገድላል። ስለዚህ ሞቃት ኮርኒስ ያበጀ ሰው ምድጃውን ከቤት ያውጣ፣ መስኮቱንም ጨርሶ አይድፈን።

የሥራ ቤት ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ በጣሪያችሁ ሥር የሚውሉት ልጆችና ሠራተኞች አማና ናቸው። ዘንድሮ ሁሉን መሥራት ባይቻል እንኳ ቀዳዳውን ከመድፈንና ከሰሉን ከማውጣት እንጀምር። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።