ደርሶ መልስ፦ ሦስቱን ማዳረስ ወይስ አንዱን ማየት?

የአዲስ አበባ ሰው ደርሶ መልስን ከማንም አይማርም። የጉዞ ማኅበራት ገና ጎህ ሳይቀድ ምዕመናንን በአውቶቡስ አሳፍረው ደብረ ሊባኖስን ያሳልማሉ፤ ማታ ሁሉም ቤቱ ይገባል። በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ማልዶ የሚያልፍ ሰው መነሻ ሰዓት የሚጠብቁ ተጓዦችን ማየት አይገርመውም። ችግሩ የሚመጣው ጉዞው ለጸሎት ሳይሆን ጥንታዊ ቦታ ለማየት ሲሆን ነው። ያኔ በከተማዋ ብዙ አስጎብኚዎች ዘንድ የሚቀርበው ምርጫ አንድ ዓይነት ነው፤ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ምሳን ጨምሮ።

ሦስቱ ቦታዎች አብረው የሚሸጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሁሉም ከአለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ወይም ከዚያው በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ገባ ብላለች። ጢያ ደግሞ ከዘጠና ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። በካርታ ላይ ሲታይ የተመቸ ነው። በተግባር ግን ደርሶ መልሱ ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከከተማ መውጫው መጨናነቅና ከምሳው የሚተርፈው ሰዓት ለሦስት ሲካፈል፣ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚደርሰው ፎቶ ለመነሳት ብቻ የሚበቃ ነው።

ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። በዚህ ምርጫ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚሳሳት ይመስላል።

ምርጫው ብዙ ጊዜ ለጢያ ያደላል። ጢያ ዝነኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። በቦታው ያሉት 36 ሐውልቶች ሲሆኑ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ሰይፉ፣ ክቡ፣ ቅጠል የሚመስለው ምልክት በፎቶ ያምራል። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን የግራኝ ድንጋይ ሲል ኖሯል፤ የቁፋሮው ውጤት ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን ቀድሞ ይሄዳል። የፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት የሮጀር ዡሶም ቡድን ከሥራቸው መቃብሮችን አግኝቷል። የተቀበሩት በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ እንደ ፅንስ ታጥፈው ነው የተቀበሩት። ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይገመታል።

ይህ ሁሉ አስደናቂ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን መቃብሩ ከመሬት በታች፣ የምልክቶቹ ትርጉም ደግሞ ገና በክርክር ላይ ነው። ለጎብኚው ዓይን የሚቀረው የታጠረ ሜዳና የቆሙ ድንጋዮች ናቸው። አስቀድሞ ያላነበበ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ዞሮ ይጨርሰዋል። ጢያ የምትጣፍጠው አስቀድሞ ለተዘጋጀና እሷ በምትገኝበት በሶዶ አካባቢ ከመቶ በላይ ተመሳሳይ ቦታዎች እንዳሉ አውቆ ለሚሄድ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ጢያ ራሷን የቻለች የአንድ ቀን ጉዞ ትሆናለች እንጂ የሌላ ጉዞ ማጠቃለያ አትሆንም።

መልካ ቁንጡሬ በተቃራኒው ከመንገድ ሲታይ ምንም አያስጎመጅም። በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለ ገደላ ገደል፣ ጥቂት ጎጆ መሰል የኤግዚቢሽን ቤቶች፣ ከላያቸው ጣሪያ የተሠራላቸው ቁፋሮዎች ብቻ ናቸው። ብዙ አውቶቡስ እግር ማፍታቻ የሚያደርገውም ለዚህ ይሆናል። ቦታው ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳይንስ ይታወቃል። በዚያ ዓመት ሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር አገኘው፤ ቀጥሎም ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቁፋሮውን መራ፤ ከዚያም ሥራው ወደ ጣሊያን ተመራማሪዎች ዞረ። የዓለም ቅርስነት እውቅና ግን የመጣው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ በአቅራቢያው ካለውና ባልጪት ከተባለው ቦታ ጋር ተጣምሮ ነው።

ብዙው አዲስ አበቤ የሰው ዘር ታሪክ ሲባል አፋርን ያስባል። ሉሲ በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ብትኖርም የተገኘችው ሩቅ፣ ሐዳር ላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ግን የሁለት ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ተደራርቦ ተኝቷል። ጋርባ ከተባለው የቁፋሮ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የአንድ ሕፃን የታችኛው መንጋጋ ወጣ። በ2023 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ መንጋጋው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነውና የሆሞ ኢሬክተስ እንደሆነ አስታወቀ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ከቆላው ወጥቶ የደጋን ብርድ የለመደ የጥንት ሰው ልጅ እዚህ ኖሯል ማለት ነው።

ሲምቢሮ በተባለው ሌላ ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ የባልጩት መሥሪያ ተገኝቷል። ከተቆጠሩት 578 መሣሪያዎች 575ቱ ከባልጩት የተጠረቡ ናቸው። ይህ ጥቁር አብረቅራቂ ድንጋይ ለመስታወት ቅርብ ስለሆነ ሲጠረብ ጠርዙ ስለት ያወጣል፤ ለመጥረብ ግን እጅ የለመደ ባለሙያ ይፈልጋል። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት ጭቃ ላይ የተተወ የእግር አሻራ አለ። ከአሻራዎቹ መካከል ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት አሻራ ይገኛል። ልጅ ይዞ ለሄደ ወላጅ ከዚህ የተሻለ ለልጁ የሚያሳየው ነገር ከየት ይመጣል?

በመልካ ቁንጡሬ ዋናው ነገር ቦታው ራሱን ማስረዳቱ ነው። ጎብኚው በኤግዚቢሽኑ ቤት መሣሪያውን ካየ በኋላ ወጥቶ በእግሩ ወደ ቁፋሮው ይሄዳል፤ አጥንቱና ድንጋዩ በወጡበት አፈር ላይ ያገኛቸዋል። ይህ ግን ጊዜ ይጠይቃል። በሰላሳ ደቂቃ ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየው፤ በሁለት ሰዓት ግን እዚያ የኖሩት ሰዎች መታየት ይጀምራሉ።

የዚህ ዓይነት ምርጫ በጣሊያንም አለ። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፖምፔይንና ሄርኩላኒየምን አብሮ ቀበራቸው። ፖምፔይ ሰፊና ዝነኛ ናት፤ ወደ 66 ሄክታር ትሸፍናለች። ሕዝብ ስለሚበዛባትም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በቀን ከ20 ሺህ በላይ ጎብኚ እንዳይገባ ተወስኗል። ሄርኩላኒየም ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የቤቶቹ ፎቅ፣ በሩና አልጋው ሳይቀር ከሰል ሆኖ ተርፏል። ከኔፕልስ ወጥቶ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ ትንሿን ከመረጠ፣ ትልቋን ሮጦ ካየው ሰው ስለ ጥንታዊ ሮማውያን ኑሮ የበለጠ ሊያውቅ ይችላል። አዲስ አበቤም ከዝና ይልቅ የሚታየውን ቢመዝን ምርጫው ይለወጣል።

አዳዲ ማርያም ከሁለቱም ትለያለች፤ ፍርስራሽ አይደለችም። ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች፣ ትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚያያይዛት፣ ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። የቀን ምርጫው እዚህ ይወስናል። ወር በገባ በ21 የሄደ ሰው የሚያገኘው ማርያምን ሊያነግሥ የመጣ ምዕመን ነው፤ የሥነ ሕንፃ ጉብኝት በዚያ ቀን ቦታ የለውም። በሌላ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ የሄደ ግን ጫማውን አውልቆ፣ ካህናቱን አስፈቅዶ፣ በቀስታ ዙሪያውን መዞር ይችላል።

መኪና የሌለውና ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ደግሞ ከከተማ መውጣት የለበትም። ከየካ በላይ ባለው ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለውና በከፊል የፈረሰው ዋሻ ሚካኤል አለ። ስለ ዕድሜው ትውፊትና ተመራማሪዎች ባይስማሙም በእግር ተወጥቶ የሚታይ ነው።

እነዚህን ጉዞዎች በጥቅል የሚሸጡ ድርጅቶች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ደንበኛ ለከፈለው ገንዘብ ብዙ ማየት ይፈልጋል ይላሉ። በተለይ ከውጭ የመጣና አንድ ነፃ ቀን ብቻ ያለው ዳያስፖራ ሦስቱንም አሳዩኝ ይላል። ነገሩ እውነትነት አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጓዥ ግን የሚሻለው ሁለት ቦታ ነው። ማለዳ መልካ ቁንጡሬ፣ ከምሳ በኋላ አዳዲ ማርያም፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ መንገዱ ቀኑን አይበላውም። ጢያ ለሌላ ቀን ትቆይ፤ የዚያን ቀን የሚሄዱ ተጓዦችም አስቀድመው ስለ ሶዶ መቃብሮች የሚያስረዳ ሰው ይጋበዝላቸው። አስጎብኚዎቹ ከሚቀጥለው ጥቅምት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሦስቱን በአንድ ዋጋ የሚያቀርበውን ማስታወቂያ ለሁለት ከፍለው ቢያወጡት ደንበኛ እንደማያጡ ለማየት አንድ የጉዞ ወቅት ይበቃቸዋል።