በድምፅ ማደርና በዝምታ መዳን

እንጀራዬ ድምፄ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ለፍርድ ቤትና ለሐኪም ቤት ጉዳይ ለሚቀርቡ ወገኖቻችን በስልክ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሴት ሆኜ መኖር ከጀመርሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው ዛሬም «ወንድሜ» ይለኛል። (መልኬን አያይምና አልፈርድበትም።)

በጉርምስና የወፈረ የድምፅ አውታር በሆርሞን ተመልሶ አይቀጥንም። ልምምድ ብዙ ይረዳል፤ ቀዶ ጥገናውም የአውታሮቹን የፊት ጫፍ ሰፍቶ የሚርገበገበውን ክፍል ያሳጥራል፤ አዝማሪ የመሲንቆውን ጭራ በጣቱ ሲያሳጥር ድምፁ እንደሚቀጥን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ፍጹም ዝምታ፣ ድምፁ እስኪረጋም ወራት ይጠይቃል። ጉልበቱ ሊቀንስም ይችላል።

እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ሥራን ይጠብቃል። በ2020 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውን ጾታውን በመለወጡ ከሥራ ማባረር ሕገ ወጥ ነው ሲል ወስኗል። ይሁንና ሁለቱም የሚጠብቁት ቅጥር ሠራተኛን ነው፤ እንደ እኔ በኮንትራት በየደቂቃው የሚከፈለውን አስተርጓሚ አይደለም። «የራስሽ ምርጫ ነው» ለሚሉኝ፣ ጉሮሮው ላይ እባጭ የወጣበት የሥራ ባልደረባዬም ከዚሁ ሕግ ውጭ ነው። በእኔ እምነት ሊሻሻል የሚገባው ይኸው የ«ሠራተኛ» ትርጉም ነው።

እስከዚያው የሁለት ወር የቤት ኪራይ እያጠራቀምሁ፣ ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ አዛውሬአለሁ።