የጉሎ ዘይት የሚያስፈልገው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ የአምስተኛ ክፍል የቤት ሥራውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ መጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አንድ ገጽ ጽፎ መሄድ አለበት። «እማማ፣ የድሮ አውሮፕላን ሞተር የጉሎ ዘይት ይጨመርበት ነበር ይላሉ። ውሸት ነው አይደል?» አለኝ።

እኔ የጉሎ ዘይትን የማውቀው በማንኪያ ነው። በእኛ ልጅነት ሆዱ የደረቀ ልጅ አፍንጫው ተይዞ ይጋተው ነበር። ነርስ ከሆንኩ በኋላም ካስተር ኦይል እየተባለ ከመድኃኒት መደርደሪያ አይጠፋም ነበር። ፍሬው ደግሞ ምጣድ ማሰሻ ነው። ሞተር ውስጥ ምን ይሠራል? አብረን ስናነብ ግን ልጁ የሰማው እውነት ሆኖ ተገኘ።

የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ሲበሩ የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሞተሩን የሠራላቸው የብስክሌት ሱቃቸው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር ነው። ክብደቱ 80 ኪሎ ያህል፣ ጉልበቱ ግን 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ጉልበት ያለው ሞተር ይከብዳል፤ ቀለል ያለው ደግሞ ይግላል።

መላ ያመጡት ሉዊና ሎራን ሴጌን የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። ኖም በተባለው ሞተራቸው ሰባት ሲሊንደሮች እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ዙሪያውን ተደርድረዋል። መካከለኛው ዘንግ ከአውሮፕላኑ ጋር ታስሮ ይቆማል፤ የሚሽከረከረው ሞተሩ ራሱ ነው፣ ከነፕሮፔለሩ! እየዞረ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ውኃም ራዲያተርም አይፈልግም። በ75 ኪሎ ገደማ ክብደት 50 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በ1909 ሬምስ ከተማ በተደረገው ውድድር ኦንሪ ፋርማን በዚህ ሞተር 180 ኪሎ ሜትር በረረ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ።

ጉሎ የገባው እዚህ ላይ ነው። ቤንዚኑና አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚደርሱት በሞተሩ ሆድ ውስጥ አልፈው ነው። ተራ የሞተር ዘይት ቢሆን ቤንዚኑ አቅጥኖ ያጥበዋል። የጉሎ ዘይት ግን ከቤንዚን ጋር በቀላሉ አይዋሃድም፤ ሙቀትንም ይችላል። ካስትሮል የሚለው የዘይት ስም ሳይቀር የመጣው ከዚሁ ከካስተር ነው።

ችግሩ፣ ዘይቱ አንዴ ካለሰለሰ ተመልሶ አይዞርም፤ ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ይረጫል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተሩ ከፊት፣ አብራሪው ከኋላው ክፍት ቦታ ተቀምጦ ያንኑ ይተነፍሳል፣ ይውጣል። ብዙዎቹ ሆዳቸው ይላላ እንደነበር ይነገራል። እኔ አልገረመኝም። ዘይቱ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ተሰባብሮ አንጀትን የሚያነቃቃ አሲድ ይሆናል፤ ሥራው ይኸው ነው። «አውሮፕላኑ መጸዳጃ ቤት ነበረው?» አለኝ ልጁ። አልነበረውም።

በዚህ እየሳቅን ሳለ ከኪሱ አንድ እፍኝ ዝንጉርጉር የጉሎ ፍሬ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ከጎረቤት አጥር ሥር ለቅሞ ዘይት ሊያወጣበት ነው። ሳቄ ጠፋ። ታናሽ እህቱ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች።

ተጨምቆ በወጉ ተጣርቶ ለመድኃኒት የሚሸጠው ዘይትና ፍሬው አንድ አይደሉም። ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። ሳይታኘክ ከተዋጠ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ሊያልፍ ይችላል፤ ከታኘከ ግን ከሰዓታት በኋላ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። አንድ ጊዜ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የሦስት ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። ምጣድ ለማሰስ ፀሐይ ላይ ከተሰጣው ጉሎ አኝኮ ኖሮ፣ ቤተሰቡ የጥርስ ተቅማጥ ነው ብሎ አሳድሮታል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ አይመለስም። በግሉኮስ ደግፈን ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም፤ ሕክምናው የጠፋውን ፈሳሽ መተካትና መከታተል ነው። ስለዚህ ልጅ ጉሎ አኝኳል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ደህና ቢመስልም፣ ወተት ላጠጣ ወይም ላስታውከው ሳትሉ ከፍሬው ናሙና ጋር ይዛችሁ ሩጡ።

«ስንት ነበር የለቀምከው?» አልኩት። «ሃያ» አለ። ቆጠርን፤ አሥራ ዘጠኝ። ሶፋውን አንስተን፣ ምንጣፉን ገልብጠን፣ የትንሿን አፍ በጣቴ ዳብሼ፣ መጨረሻ ላይ ሃያኛው ከራሱ ከኪሱ ቀዳዳ ውስጥ ተገኘ።