የሚስተካከል ሾክ ለማን ይገባል?

ለመንገድ የሚነዳ የስፖርት መኪና ወይም በጠባዩ ለዚያ የተጠጋ ቀላል የቤት መኪና ያለው ሰው ሾክ አብዞርበር ሲለውጥ ምርጫው ሁለት ነው፤ አንደኛው ልኩ በፋብሪካ ተወስኖ የሚመጣው የማይስተካከል ሾክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለቤቱ ወይም መካኒኩ በቁልፍ አለዚያም በእጁ እያዞረ የሚያጠብቀውና የሚያላላው የሚስተካከል ሾክ ነው። የሚስተካከለው በዋጋም በዝናም ስለሚበልጥ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ግን ሌላ መልስ ይሰጣል፤ ለፈጣን መኪና ተብሎ የሚሸጠው ማስተካከያ በዚህ አገር በእውነት የሚገባው ለጭነት ተሽከርካሪ ነው፣ ለቀላሉ መኪና ደግሞ በጥሩ ልክ የተሠራ የማይስተካከል ሾክ ይሻለዋል።

መኪናውን የሚሸከመው ሾኩ ሳይሆን ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ ጎማው ጉብታ ሲመታ ጉልበቱን ተቀብሎ መልሶ ስለሚወረውረው፣ የሚገታው ካላገኘ መኪናው ደጋግሞ ይዘላል፤ የሾክ ሥራ ይህን ዝላይ ወደ ሙቀት ለውጦ ማብረድ ነው። በውስጡ ዘይት የተሞላ ቱቦ፣ በዘይቱ ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን፣ በፒስተኑም ላይ ቫልቭ የሚባሉ መተላለፊያዎች አሉ፤ ውኃ በጠባብ የቅል አፍ ሲወጣ እንደሚዘገይ ሁሉ ዘይቱም በነዚህ መተላለፊያዎች ለማለፍ ሲታገል ፒስተኑን ይገታዋል። ግታቱ የሚጨምረው በፒስተኑ ፍጥነት መጠን እንጂ በሄደበት ርቀት መጠን አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ሾክ ሁለት ዓይነት ሥራ አለበት ማለት ነው። መኪናው በጥምዝ ላይ ሲያጋድል ወይም ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ሲደፋ ፒስተኑ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ግን በብዙ እጥፍ ይፈጥናል።

ገዢዎች አዘውትረው የማይነገራቸው ዋና ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። በአብዛኞቹ ርካሽ የሚስተካከሉ ሾኮች ላይ ያለው ማዞሪያ የሚያጠብበውና የሚያሰፋው አንዲትን ትንሽ የዘይት ማሳለፊያ ነው፤ ይህች ማሳለፊያ የዝግታውን እንቅስቃሴ ብትለውጥም፣ ድንጋዩ ሲመታ የሚከፈቱትን የፒስተኑን የቫልቭ ሳህኖች ብዙም አትነካቸውም። በአንድ ማዞሪያ ከሚሠሩት መካከልም አንዳንዶቹ ሾኩ ሲጨመቅ ያለውንና ሲመለስ ያለውን ግታት አብረው ሲለውጡ፣ ሌሎቹ የመመለሻውን ብቻ ይለውጣሉ፤ ሁለቱን ለየብቻ የሚያስተካክሉት እጅግ ውድ ናቸው። ማስተካከያ ገዛሁ የሚለው ሰው እንግዲህ የገዛው የሾኩን ጠባይ በሙሉ የመለወጥ ሥልጣን ሳይሆን ከጠባዩ አንዱን ክፍል የመነካካት ዕድል ነው።

በጎንደር የውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች የተነጠፈው ኮብልስቶን ማዞሪያውን ያለ ልክ የማጥበቅን ጉዳት በግልጽ ያሳያል። የመመለሻው ግታት ከመጠን በላይ ሲጠብቅ፣ በአንዱ ድንጋይ የተጨመቀው ሞላ ተመልሶ ሳይዘረጋ ሁለተኛው ድንጋይ ይደርስበታል፣ ከዚያም ሦስተኛው ይከተላል፤ መኪናው በየድንጋዩ ትንሽ በትንሽ እየሰመጠ ይሄድና ለመንቀሳቀሻ የተተወለትን ክፍተት ጨርሶ ከማገጃው ጎማ ጋር ይላተማል። ነጂው ይህን ድርቀት የስፖርት መኪና ምልክት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ በእውነቱ ግን ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ነው፣ መሬቱን የለቀቀ ጎማ ደግሞ በመሪም በፍሬንም አይታዘዝም። ለዚህም ነው በለስላሳ አስፋልት ላይ መኪናን የሚያስከብረው ጥብቅ ሾክ በኮብልስቶንና በኮረኮንች ላይ ያንኑ መኪና የሚያዋርደው።

ማስተካከያ አዲስ ጥበብ ተደርጎ መወሰዱም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ትሩፎ የፈለሰፈውና አሜሪካዊው ሃርትፎርድ ያስፋፋው መሣሪያ ዘይት የሌለው፣ እርስ በርስ በሚፋተጉ ሳህኖች የሚሠራ ነበር፤ ግታቱም የሚወሰነው መሐሉ ላይ ያለውን ብሎን በማጥበቅ ነበር። የዘይት ሾክ ሲመጣና ሲሻሻል ትልቁ እመርታ የተገኘው ከማዞሪያው ሳይሆን ከውስጡ ነው፤ ፈረንሳዊው ዴ ካርቦን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያዳበረው፣ ጀርመናዊው ቢልስታይንም ወደ ፋብሪካ ምርት ያሸጋገረው ባለአንድ ቱቦ ሾክ ዘይቱን በታመቀ ናይትሮጅን በመጫን አረፋ እንዳይሠራ አድርጓል። አረፋ የሠራ ዘይት ግታቱን ያጣል፤ ረጅም የተጎረባበጠ መንገድ ላይ ሾክ ብዙ ከሠራ በኋላ "የሞተ" የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ የጋዝ እመርታ ከማዞሪያው እጅግ ይበልጣል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የጋለን ሾክ በደካማው ነው የሚያቀዘቅዘው። በማለዳው ብርድ ወፍሮ የነበረው ዘይት፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ገደሉን ጠርበው ባወጡት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ሞቃቱ ቆላ ሲወረድ ይቀጥናል። በአንድ ጉዞ ውስጥ ይህን ያህል የሙቀት ለውጥ የሚያጋጥመው ሾክ የሚያስፈልገው ጥሩ ዘይት፣ የጋዝ ግፊትና በልኩ የተቆረጡ ቫልቮች ናቸው፤ ነጂው በየጥምዙ ወርዶ ማዞሪያ ሊያዞር አይችልም።

የክብደት ሒሳቡም ወደዚያው ያመራል። ሞላው ሳይለወጥ መኪናው ሲከብድ የሚያስፈልገው ግታት የሚያድገው በክብደቱ ልክ ሳይሆን በክብደቱ ስኩዌር ሩት ነው። 1000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትንሽ መኪና 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ ብቻውን ሲይዝ 1070፣ አምስት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጫኑበት 1350 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ክብደቱ በ26 በመቶ ሲጨምር የሚያስፈልገው ግታት የሚጨምረው በ12 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ደህና ተደርጎ የተሠራ የማይስተካከል ሾክ ያለችግር የሚችለው ነው።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም ከ4000 ሜትር በላይ ባለው የቧሂት መተላለፊያ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሄደው ላንድክሩዘር ሁኔታው ሌላ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲወጣ ተጓዦችን፣ ድንኳንን፣ ስንቅንና ነዳጅን ጭኖ ነው፤ ሲመለስ ባዶውን ሊሆን ይችላል። በኋላው ባሌስትራ ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ከሆነ የሚያስፈልገው ግታት በ41 በመቶ ያድጋል፤ ለሙሉ ጭነት የተለካ ሾክ በባዶው ጉዞ የኋላውን ጎማ ኮረኮንቹ ላይ ያስጨፍረዋል፣ ለባዶው የተለካው ደግሞ በጭነት ጊዜ መኪናውን እንደ ልቡ ያወዛውዘዋል። በቀላሉ የሚደረስበት ማዞሪያ ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ የሚስተካከል ሾክ ሠርቶ በኋላ በአንዳንድ ላንድክሩዘሮቹ ላይ መግጠሙ የነገሩን ጥቅም ያሳያል፤ እንዲህ ያለው መኪና አርጅቶ ሾኩ ሲበላሽ ግን ተተኪውን ማግኘት ሌላ ፈተና ነው።

የሚስተካከለውን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው። የሆላንዱ ኮኒ ፋብሪካ የሚስተካከሉ ሾኮችን ሲያስፋፋ ከዓላማዎቹ አንዱ በአገልግሎት ብዛት የላላውን ግታት መልሶ ማጥበቅ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ባደረሰበት፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በተከለከለበት አገር፣ ያለውን መኪና ማቆየት ግዴታ ሆኗል። ክርክሩ የሚሠራው ግን ያረጀው ቫልቭ ሲሆን ነው። በዚህ አካባቢ ሾክን ቀድሞ የሚገድለው አቧራ ነው፤ አቧራው ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይበላዋል፣ ዘይቱም ይፈሳል፤ የፈሰሰን ዘይት የትኛውም ማዞሪያ አይመልሰውም፣ ማዞሪያው ራሱም አቧራ የሚገባበት ተጨማሪ በር ነው።

የማይስተካከለውን የመረጠ ሰው ታዲያ ከሞላው ጋር የተስማማ፣ ለዚያው የመኪና ዓይነት የተለካና ጋዝ ያለበት ሾክ መጠየቅ፣ ሁለቱን ጎን አንድ ላይ መቀየር፣ ያረጁ ጎሚኒዎችንም አብሮ ማስለወጥ ይኖርበታል። የሚስተካከል ሾክ የገጠመ ሰው ደግሞ ማዞሪያውን ከላላው ጫፍ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እያጠበቀ መሞከር፣ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግና ያቆመበትን ቁጥር መጻፍ አለበት፤ ብዙዎች ግን ጠበቅ ያለውን ጫፍ መርጠው ዓመቱን ሙሉ በዚያው ይነዳሉ።

ከሁለቱም ምርጫ በላይ የጎደለው መለኪያ ነው። በሞተር የሚሠራ ክራንክ፣ የኃይል መለኪያና ኮምፒውተር ካሉ የሾክን ግታት ከፍጥነቱ ጋር በሥዕል የሚያሳይ መሞከሪያ መሥራት ይቻላል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ሊይዙት የሚገባ ነው። እንዲህ ያለ መሞከሪያ በከተማው ቢኖር መካኒኩ አዲሱን ሾክ ከመግጠሙ በፊት የግራውንና የቀኙን ልዩነት ያያል፣ ያረጀውም ምን ያህል ግታት እንደቀረው ያውቃል፤ ገዢውም የከፈለበትን ዕቃ በማዞሪያው ብዛት ሳይሆን በወረቀት ላይ በወጣው መስመር ይመዝነዋል።