ሙቀቱ ጭንቅላታችን ውስጥ አይደለም

«ሙቀት የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው» የምትል አነቃቂ ወሬ በየስልካችን ትዞራለች። አእምሮ የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል፤ ስለዚህ አእምሮህን ከገዛህ ሙቀቱንም ገዛኸው። ሂሳቡ ይሄው ነው። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሹራብ ለብሶ ይህን የሚያጋራ ሰው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማሾ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

ወሬዋ መነሻ የላትም አልልም። በ2008 እ.ኤ.አ. ሎሪመር ሞስሊና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳተሙ። የሰውየውን እጅ ይጋርዱና ፊቱ የጎማ እጅ ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱን እኩል በብሩሽ ሲዳብሷቸው አእምሮ ይሸወድና የጎማውን «የኔ ነው» ይላል። ያኔ የተጋረደው እውነተኛ እጅ ቀዘቀዘ አሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ስንት ቀዘቀዘ? የአንድ ዲግሪ ሩብ ገደማ፤ ያውም የእጅ ቆዳ እንጂ የውስጥ ሰውነት አይደለም። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግመው ሞክረው ወጥ የሆነ ቅዝቃዜ አላገኙም። አነቃቂዎቻችን ይቺን ሁለተኛዋን አያጋሯትም።

ስሜትና ሙቀት ለየቅል መሆናቸውን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ ሚጥሚጣ ይበቃል። ውስጡ ያለው ካፕሳይሲን፣ ሙቀት 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፈተውን የነርቭ ተቀባይ ያለ ሙቀት ይከፍተዋል። (ዴቪድ ጁሊየስ የ2021ን ኖቤል የተጋራው በዚህ ስራ ነው።) ምላስ ተቃጠልኩ ይላል፣ ግንባር ያልበዋል፤ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። ሜንቶል ያለው ማስቲካም በተቃራኒው ነው፦ ቀዘቀዝክ ይልሃል እንጂ አያቀዝቅዝህም። በኔ ሙያ ብናገር፣ ሴንሰሩ የሚያሳየውን ቁጥር በኮድ መቀየር ትችላለህ፤ ሰርቨሩ መጋሉን አያቆምም። ይባስ ብሎ ማራገቢያው የውሸት ቁጥሩን አምኖ ይቆማል።

አዎ፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሙቀታችንን 37 ዲግሪ አካባቢ ለመጠበቅ ይታገላል። መሳሪያው ግን ደምና ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላቡ የሚመጣው ከጠጣኸው ውሃ ነው፣ ከቆራጥነትህ አይደለም።

«የቆላ ሰው እኮ ለምዶታል» ይሉሃል። ለምዷል፣ ግን በምን? ሙቀት ውስጥ የሚሰራ ሰውነት በአንድ ሁለት ሳምንት ይለወጣል፦ ላቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበዛል፣ የሚያወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል። ደጋ ወጥቶ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ ደግሞ ይህ ሁሉ ይጠፋል። እንግዲህ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አድሮ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ይፋት ቆላ 1,300 ሜትር አካባቢ ለቀን ስራ የሚወርደውን ልጅ አስበው። በመጀመሪያው ሳምንት «ጠንክር፣ ሁሉም በጭንቅላትህ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? ውሃና ጥላ ማቅረብ ያለበት አሰሪ ወጪውን በልጁ ስነ ልቦና ላይ ጫነ ማለት ነው። ቀትር ላይ ዛፍ ስር ያረፈውን የአገሬውን ገበሬ «ሰነፍ» የሚለው አፍም ያው ነው። እኔ ግን ያንን እረፍት ምህንድስና ነው የምለው።

ደግሞ አስቂኙ፣ ካሳቀ፣ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ ከሁሉ ቀድሞ ከሚከዱህ አንዱ ራሱ አንጎል መሆኑ ነው። ሰውየው ይቀባጥራል፣ ይንገዳገዳል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። «አስተሳሰብህን አስተካክል» የምትለው በዚያ ሰዓት ለማን ነው?

ስለዚህ ለአሰሪዎቹ፦ አዲስ የወረደ ሰራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ቀን አይስራ። ስራው ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ይጀመር፣ ቀትር ላይ ይቁም፤ ጀሪካኑ ማሳው ዳር ይቀመጥ። አጠገባችሁ ሰው መቀባጠር ከጀመረም ምክሩን ተዉትና ወደ ጥላ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ አድርሱት።